የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ

ኦክታቭ ብሩሹን የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከያዘው ቆርቆሮ አውጥቶ ከመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ፊት ቆመ። ሚስቱ ክሌማንስ ያሠራችው፣ አበባ የሞላበት ሥዕል ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖታል፤ በሙጫ የተበጠበጠው ቀለም ደርቆ እንደ ኖራ ፈዟል።

«ሥዕል ማለት የሚያብረቀርቅ ነው» አላት፣ ከኋላው ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ክሌማንስን። «ይሄ የግድግዳ ወረቀት ነው፤ ፓሪስ በሙሉ ሊስቅብኝ ነው። ደግሞስ ሥዕሉ ውስጥ አንቺ የታለሽ? እንግዶቼ ሚስትህ የት አለች ቢሉኝ፣ አበባው በላት ልበል?»

«እዚያው ነኝ። እየሰፋሁ ነው።»

«ጌታዬ፣ እባክዎ!» አለ ሠዓሊው አንስላ፣ መሰላሉን እንደያዘ። «ቀለሙ ቫርኒሹን ይጠጣውና ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። እኔ የሚያብለጨልጭ መስኮት አልሠራሁም፤ ግድግዳ ነው የሠራሁት። እንደ ግድግዳ ይኑር።»

«ግድግዳው የእኔ ነው!» ኦክታቭ ብሩሹን አነሣ።

ክሌማንስ ከወንበሯ ተነሥታ በሥዕሉና በብሩሹ መካከል ገባች። የለበሰችው በሥዕሉ ላይ ያለውን ያንኑ ባለ ነጠብጣብ ቀሚስ ነበር። ቀለሙን በጀርባዋ ሳትነካ ቀጥ ብላ ቆመች። ከብሩሹ አንድ ጠብታ ጫማዋ ላይ ወደቀ፤ ዝቅ ብላ አላየችውም። ኦክታቭ ዓይኑን አጥብቦ ከእሷ ወደ ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ወደ እሷ ተመላለሰ፤ በአበቦቹ መካከል መርፌ የያዘችውን ሴት ገና አሁን አገኛት።

«አየኸኝ?» አለችው። «በል እንግዲህ፣ ከእኔ ጀምር።»