የሂንዳ ቀኝ እጅ

ልጆቹ በልተው ከወጡ በኋላ ሂንዳ ሹልክ ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ስትገባ፣ ተረኛዋ መምህርት ሮዛ በመስኮት አየቻት። ቅድም፣ የወሩ ምሳ ስላልተከፈለላት ከበር የመለሰቻት ራሷ ሮዛ ነበረች። ትርፍራፊ ፍለጋ የመጣች ስለመሰላት አላስቆመቻትም። ትሪዎቹ ግን ተጠራርገው ተበልተዋል፤ የቀረው ሄል ሄል የሚሸተው የሩዝ ቅባት ብቻ ነው። ልጅቷ ቀኝ እጇን ትሪው ላይ አሳረፈችና መዳፏን አሸችው፤ ከዚያም ጣቶቿን፣ ጥፍሮቿ ሥር ሳይቀር። ወደ አፏ ግን አላስጠጋቻቸውም። እጇን እንደ ቁስል በሂጃቧ ጫፍ ጠቀለለችው።

ሮዛ ነገሩ አልገባትም። ቀስ ብላ ገባች።

«ምንም አልበላሁም፣ ቲቸር» አለች ሂንዳ ቀድማ።

«አይቻለሁ። እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ለምን አትልሺውም?»

«ከላስኩት ሽታው ይጠፋል።»

«ሽታው ምን ያደርግልሻል?»

ሂንዳ የተጠቀለለውን እጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እናቴ እንደከለከላችሁኝ አታውቅም። ቤት ስገባ እጄን ታሸተዋለች። ሩዝ ሩዝ ከሸተታት ቤት ያለችንን አንዲት እንጀራ ራሷ ትበላታለች።»

«ካልሸተታትስ?»

«‹እኔ ጠግቤያለሁ› ትለኛለች።»