በዋናው መንገድ ላይ አንድ ዙር

ትዋይላ እህል በአፏ ካልዞረ አራት ቀን ሆነ። ሐኪሙ «ሰኞ ሆስፒታል ትገባና በቱቦ እንመግባታለን» ብሏል። ሃምሳ ሁለት ዓመት አብሯት የኖረውን ባሏን ቨርሊንን «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» ነው የምትለው።

ቅዳሜ በካርዊን ከተማ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ነበር። ወንዶቹ ሚስቶቻቸውን አባብለዋቸው በማያውቁት ልስላሴ መኪናቸውን በጨርቅ ወልውለው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ በታጣፊ ወንበር ተጎልተዋል። ቨርሊን ትዋይላን ደግፎ በመሀላቸው አለፈና አንዲት ቀይ የ1959 ሼቭሮሌት ፊት ቆመ። ቀለሟ ታድሷል እንጂ ያቺው የድሮዋ ናት።

«ልጄ፣ አንድ ዙር አውሰኝ።»

ባለመኪናው ዱዌን ሳቀ። «አባባ፣ እኔ ሚስቴን እንኳ አላስነካትም!»

«ባለቤቴ በወጣትነቷ በዋናው መንገድ ሽር ስትል የምታመሸው በዚህች ነበር። ካስታወሰች ምናልባት ትበላለች። አለዚያ ሰኞ...»

«መኪናዋ የእርስዎ ነበረቻ!»

ቨርሊን ሰው እያየው ያለቅስ ነበር።

ዱዌን የትዋይላን ክንድ አየ። እንጨት ሆኗል። ቁልፉን ሰጠው።

የፊት ወንበሩ እንደ አግዳሚ ወጥ ነው። ድሮ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ልጅ ተራ ጓደኛ ናት፤ ተጠግታ መሀል የተቀመጠች የሾፌሩ ፍቅረኛ ናት። ከተማው ሁሉ አይቶ ይፈርድ ነበር። ትዋይላ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች።

ቨርሊን የኋላ ማርሽ ጠፍቶበት ሲታገል ዱዌን ጮኸ፦ «ወደ ራስዎ ይሳቡትና ወደ ላይ! ኧረ አባባ፣ እንዲህ ይረሳል?»

ከባንኩ እስከ ከተማው ዳር ነዱ፤ ዞረው ተመለሱ። ምንም። መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ ከሚበላበት ቤት ሀምበርገር ገዛ፤ ቆርሶ ወደ አፏ አቀረበ።

«ብዪ እንጂ፣ የኔ እመቤት። ትንሽ ብቻ። እባክሽ።»

ከንፈሯን ገጠመች። ቁራሹን ወደ ወረቀቱ መለሰ። አሁንም አንድ ዙር ነዳ።

ትራፊክ መብራቱ ጋ ከጎናቸው የቆመ አሮጌ መኪና ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋላቸው። ትዋይላ ቀና አለች። ፀጉሯን በጣቶቿ አስተካከለች። ከዚያ በወንበሩ ላይ ተንሸራታ መሀል መጣችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች።

«ክላይድ፣» አለችው፣ «ያ ቨርሊን የሚሉት ልጅ ዛሬም መኪናህን በብስክሌት እየተከተለ ነው?»

«የለም፤ ዛሬስ ተስፋ ቆርጧል፣» አላት ቨርሊን። «በይ ጉረሺ።»