ጎመን ወጊው

ቀስት አስተማሪው በዳዳ የማይሽረው ሕግ ነበረው። ተማሪዬ ብሎ የተቀበለውን ሰው፣ ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቅል እስኪመታ ድረስ አያባርርም። የመታ ዕለት መርቆ ይሸኘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ግቢው ድርሽ አይልም።

ግቢው ከእንጦጦ ጫካ ግርጌ፣ የካ ተዳፋት ላይ ነው። ከተማሪ በቀር ወንድ አይገባበትም። ምክንያቱ እህቱ ኢፍቱ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ስለሆነች፣ እሷን መዳር ለበዳዳ ጦሙን ማደር መስሎ ይታየዋል። ሽማግሌ የላከ ሁሉ መልሱ ዱላ ነው። ባለፈው ጥር እንኳ አንድ የሩቅ አገር ሰው የላካቸው ሽማግሌዎች፣ የላኪያቸውን ስም ሳይናገሩ ተዳፋቱን በሩጫ ወርደዋል።

ሂርጳ የመጣው ሰኔ ሲገባ ነው። ትከሻው የሰፋ፣ ጢሙን ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው።

«በዚህ ዕድሜህ ቀስት ልትማር?» አለው በዳዳ።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ልቤ ተመኘ።»

በዳዳ የሰውየውን እጅ ገልብጦ አየ። የጣቶቹ ጫፍ ደንድኗል። ገበሬ ነው ብሎ አሰበና ቀስቱን አቀበለው።

የመጀመሪያው ፍላጻ በዛፉ ግራ አልፎ፣ አጥሩን ተሻግሮ የኢፍቱ ጎመን መሃል ተተከለ። ሁለተኛውም እዚያው። ሦስተኛውም እዚያው። ኢፍቱ ፍላጾቹን ነቅላ እየተቆጣች መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎመኔ ምን አደረገህ?»

«እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው እመቤቴ፣ ይቅር በይኝ።»

ክረምቱ በዚሁ አለፈ። በዳዳ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር የረጠበውን የቀስት ጅማት እሳት ዳር አድርቆ ይወጥራል፤ ክርንህን ቀና፣ ትከሻህን ጣል፣ እግርህን ከፈት እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። ነፋስ ቢነፍስም ባይነፍስም ፍላጻው ያው ጎመን ውስጥ ነው። ኢፍቱ ነቅላ ታመጣለች፤ ትቆጣለች። ውሎ ሲያድር ቁጣዋ እየረዘመ ሄደ፤ አንዳንዴም ጠላ ይዛ መጥታ ነበር የምትቆጣው። የካ ሁሉ ሂርጳን «ጎመን ወጊው» ይለው ጀመር።

ሳቁ ለመምህሩ ለበዳዳም ተረፈ። ሌሎቹ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ፈዬራ ኮበለሉ። ፈዬራ ዘንድሮ እንጦጦ ላይ ማስተማር የጀመረ ጎረምሳ ሲሆን፣ ጉዱሩ አገር ከታላቅ መምህር ተማርኩ እያለ በየሄደበት ይጎርራል።

ነሐሴ ሲያልቅ የእንጦጦው ፊታውራሪ ቃል ላከ። የጠመንጃ ጩኸት አውሬውን ስላሸሸበት የቀስተኞች አለቃ ሊሾም ነው። በመስቀል ማግስት በዳዳና ፈዬራ አንድ አንድ ተማሪ ያቀርባሉ። ተማሪው ቅሉን የመታለት ይሾማል፤ የተሸነፈው ቀስት ማስተማሩን ይተዋል።

በዳዳ ጭንቅላቱን ያዘ። ቀስት ከማስተማር ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ የቀረው ተማሪም ሂርጳ ብቻ ነው።

የሂርጳ ሁኔታ ደግሞ ለበዳዳ አላምር ብሎታል። ፈዬራ በአጥሩ በኩል ካለፈ ሂርጳ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ይሸፋፈናል። አንድ ቀንማ አፉ አመለጠው።

«ፈዬራ ፍላጻ ሲለቅ ዓይኑን ይጨፍናል። ስንቴ ቢነገረው አይተውም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ሲወራ ሰምቼ።»

በዳዳ ትምህርቱን አቋርጦ ተነሣ። ጓዳ ገብቶ ኢፍቱን ያዛት።

«ይሄ ሰው የፈዬራ ሰላይ ነው! ሊያዋርደኝ ነው የላከብኝ። እንዳላባርረው ሕጌ ያዘኝ።»

«ይሆናል ጋሼ» አለች ኢፍቱ፣ ወጥ እየጨለፈች።

«ለሰላይ ሥጋ ታወጪለታለሽ?»

«ጎመኑን ራሱ ጨርሶት ምን ላብላው?»

በመስቀል ዕለት በዳዳ አማራጭ ቢያጣ ልመና ገባ።

«ሂርጳ፣ ፈዬራ የሰጠህን ይስጥህ። ነገ ብቻ ምታልኝ፤ የጠየቅኸኝን አልነሳህም። ንጉሥ ይሙት!»

ሂርጳ ቀስቱን ወደ መሬት አወረደ።

«የጠየቅሁትን?»

«ማልሁልህ አይደል!»

በማግስቱ ሕዝቡ እንጦጦ ሜዳ ላይ ግጥም ብሏል። የፈዬራ ተማሪ ቀድሞ ቆመ፣ ሳበ፣ ልክ እንደ መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀ። ፍላጻው በቅሉ አናት ላይ አልፎ ሄደ። ፈዬራ ከሐፍረቱ የተነሳ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ።

«ጎመን ወጊው! ጎመን ወጊው!» እያለ ሕዝቡ ሂርጳን ተቀበለው። ኢፍቱ ፍላጻውን ስታቀብለው ጎንበስ አለች።

«ጎመኑ አልቋል» አለችው።

ሂርጳ ጋቢውን ጥሎ ሳበ። ቅሉ ፍርክስክሱ ወጣ።

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። በዳዳ ፊታውራሪው ፊት ደረቱን ነፍቶ ፎከረ።

«እኔ ነኝ ያስተማርሁት! እጅ የሌለውን ሰው እጅ የሰጠሁት እኔ! ጠይቀኝ ልጄ፣ ምን ልስጥህ?»

ሂርጳ ወደ ኢፍቱ ተመለከተ። ለወትሮው ምላሷ የማይታጠፈው ኢፍቱ አሁን የእግሯን ጣቶች ትመረምራለች። በዳዳ ሹመቱን አሰበ፣ መሐላውን አሰበ፣ የነገ እራቱን አሰበና አቃሰተ።

«ውሰዳት» አለ። መቼም አንድ መጽናኛ አለው፤ ቀስት መያዝ የማይችል ሰው ተቀብሎ ተኳሽ አድርጎ አውጥቷል።

ይኼኔ ፈዬራ ጩኸቱን ሰምቶ ከጋቢው ወጣ፤ ሂርጳን አየ፤ ሕዝቡን እየገፋ መጣ። በዳዳ ሰላዩ ሲሰደብ ለመስማት ጆሮውን አቆመ።

«የኔታ!» አለ ፈዬራ፣ የሂርጳ ጉልበት ላይ ተደፍቶ፤ «ጎመን ወጊው የሚሉት እርስዎን ነው እንዴ?»