ጠሀ የጠራው ዋጋ

ጠሀ ለአሮጌው ኮምፒውተር የጠራው ዋጋ ሁለት አዲስ ላፕቶፕ ይገዛል።

«ቦርሳም ይጨምራል እንጂ» አለ ሰኢድ፣ የጁሱን ማንኪያ እየላሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎቹ እንደ ልማዳቸው መሃል ከተማ፣ ከጠሀ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ጎን ካለው ጁስ ቤት ተቀምጠዋል። ሦስት ናቸው፤ ከባንክ በጡረታ የተሰናበቱት ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጨርቅ ነጋዴው ሰኢድ፣ በዕድሜ ከሁለቱም የሚያንሰው ኢዮስያስ። ኢዮስያስ አንዲት ሳንቲም ከመግዛቱ በፊት ደጋግሞ የሚመዝን፣ ከገዛ በኋላም «ተሳስቼ ይሆን?» እያለ እንቅልፍ የሚያጣ ወጣት ነው።

«ሰው አብዷል» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «አንዱ የሃያ አምስት ሳንቲም ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ፣ ‹ብርቅዬ› ብሎ የመኪና ዋጋ ይጠይቃል። እኛ ባንክ ሳለን በከረጢት ነበር የምንሸከመው።»

«ጋሼ፣ ያኔ አንዷን ከረጢት ቤት አድርሰዋት ቢሆን ዛሬ ጁሱን እርስዎ ይጋብዙን ነበር።»

«ዝም በል፣ ባለጌ!» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ወደ ኢዮስያስ ዞሩ። «ለመሆኑ የዚያ ኮምፒውተር ተአምሩ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ኪቦርዱ ውስጥ ነው፣ ጋሼ። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል። ፕሮግራሙ ካሴት ላይ ነው ያለው፤ እንደ ዘፈን ቴፕ ውስጥ ከተው ያጫውቱታል፣ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ጽሑፉ ይመጣል። ድሮ ሰው ቤቱ የሚያስቀምጠው ኮምፒውተር እንዲህ ነበር።»

«እና ይኼ ሁለት ላፕቶፕ ያወጣል?»

«አያወጣም» አለ ኢዮስያስ። «የአባቴ ባይሆን።»

ሳቁ ቆመ። ታሪኩን ሁለቱም ያውቁታል።

አባቱ ማቴዎስ ኮምፒውተሩን የገዛው ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ መምህር ነው። ሲያመሽ በሁለት ጣቱ ይጽፍበት ነበር፤ ጥቂት ይመታል፣ ዝም ብሎ ያስባል፣ ከዚያ አንዴ ጠንከር አድርጎ ይመታል። ኢዮስያስ አሥረኛ ክፍል ሳለ፣ አንድ ነፋሻ ቀን፣ አባቱ የጎረቤት ወጣት በጀልባ ጭኖ ሐይቁ ላይ ወጣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። የወጣቱ አስከሬን ተገኘ፤ የአባቱ አልተገኘም። የሟቹ ወንድሞች ደማችንን እንመልሳለን ብለው ገጀራ ይዘው ደጃቸው ድረስ መጡ። ሽማግሌዎች ናቸው፣ «እሱንም ውሃ በልቶታል፤ ማንን ልትገድሉ ነው?» ብለው የመለሷቸው።

በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩ ከቤት ጠፋ። ቆይቶ ጠሀ መደርደሪያ ላይ ታየ። ጠሀ የአባቱ የልብ ወዳጅ ነበር። «ሸጦልኝ ነው» አለ። ምስክር ግን አልነበረውም።

ቤት ውስጥ የቀሩት ኢዮስያስና እናቱ ጽጌሬዳ ብቻ ናቸው። እሷ ነገሩ እንዲነሳ አትወድም። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርዳ ዓሣ ስትገዛ ዛሬም ለሦስት ሰው ነው የምትገዛው። ሐዘን እንደዚያ ነው።

«እኔ ልንገራችሁ» አለ ሰኢድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መግሪብ ሰግጄ ስመለስ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ኪቦርድ ሲመታ ሰምቻለሁ።»

«አይጥ ይሆናል።»

«አይጥ እያሰበ አይመታም፣ ጋሼ።»

ኢዮስያስ ራሱም ሰምቶታል። አመሻሽ ላይ ከተዘጋው የሱቁ በር ፊት ቆሞ፤ ጥቂት ምት፣ ዝምታ፣ አንድ ጠንካራ ምት። ጆሮዬ ነው ብሎ ራሱን ተጠራጠረ። በማግስቱ ሱቁ ገብቶ ሲያየው ግን የማሽኑ ጀርባ አቧራ ለብሷል፤ ፊደላቱ ያበራሉ።

ይህንን ሲነግራቸው ጋሽ ሸዋንግዛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳንቲም ሳይነካ ሲቀመጥ ይጠቁራል። የሚያበራው ወይ እጅ ሲበዛበት ነው፣ ወይ አጭበርባሪ ሲወለውለው።»

«በቃ ወልውሎታል!» አለ ሰኢድ። «ለገበያ ማሳመሩ ነው።»

ኢዮስያስ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። በመጨረሻ የብር ሳንቲሞቹን በሙሉ፣ የማርያ ቴሬዛውንም ጭምር፣ ለጋሽ ሸዋንግዛው ሸጠ። ያጠራቀመውን ደመወዝ ጨመረበት። ከዚያ ሦስቱም ተያይዘው ጠሀ ሱቅ ገቡ።

ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ጠሀ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዋጋውን የጠራኸው በእኛ ፊት ነው» አለ ሰኢድ። «ልጁ ሳንቲሞቹን ሸጦ ነው የመጣው፤ ነጋዴ ቃሉን አይበላም።»

«ኢዮስያስ፣ ሌላ ነገር ልስጥህ። ያን ቴሌቪዥን ውሰድ፣ በነፃ።»

«የአባቴን ነው የምፈልገው፣ ጋሽ ጠሀ» አለ ኢዮስያስ፣ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ። «መቃብር እንኳ የለው። እጄን የማሳርፍበት የእሱ ነገር አንድም የለኝም።»

ጠሀ ካርቶን ላምጣ ብሎ ጓዳ ገባ። ቆየ። ሲወጣ ካርቶን አልያዘም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ፖስታውን ሳይከፍት ገፋው።

«ሳንቲሞችህን አስመልስ። ዕቃውን ውሰድ።»

ውጭ ሲወጡ ሰኢድ ማሽኑን መንካት አልፈለገም። «ዋጋ ሰቅሎ በነፃ የሚሰጥ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ወይ ጂን አለበት፣ ወይ የሌባ ጸጸት ነው።»

«ጸጸት ነው» አለ ኢዮስያስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አልተጠራጠረም።

ባጃጅ ይዞ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ቤቱ ገባ። እናቱ የተጠበሰውን ዓሣ ምሳ ዕቃ ውስጥ እያስገባች ነበር።

«እማዬ፣ አስመለስኩት! ጠሀ ሌባ ነው። የሰው ዕቃ መሆኑ ከብዶት በነፃ ሰጠኝ።»

ጽጌሬዳ የምሳ ዕቃውን ክዳን እንደያዘች ማሽኑን አየችው።

«እና» አለች ቀስ ብላ፣ «አባትህ ከእንግዲህ እዚያ ጓዳ ውስጥ በምን ያምሽ?»