ወርቅቱ የቀቀለችው ኮክ

ወርቅቱ ኮክ ስትቀቅል ሽታው አስፋልት ተሻግሮ ወደ ጌዶ የሚሄደውን አውቶቡስ ያስቆማል። በዚያ ክረምት የቀበሌ ስኳሯን እንዳለ ድስቱ ውስጥ ገልብጣ ስታማስል፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከጦር ግንባር ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ስለ ልጇ ስለ ጂራ።

«አዴ ወርቅቱ...» አሉ ኦቦ ረጋሳ።

«ነጠላዎን ያስተካክሉ! መጀመሪያ ኮክ ቅመሱ። ጣፋጭ የዋጠ አፍ በቤቴ መርዶ አይናገርም!»

አምስት ሳህን ሞላች። አምስተኛውን ማንም ካልተቀመጠበት ዱካ ፊት አኖረችው።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የባለቤቱ ነዋ! ‹ኮክ ቀቅለሽ ጠብቂኝ› ብሎኛል። የእናንተን ወረቀት ልመን የልጄን ቃል?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ኦቦ ረጋሳ አፋቸውን ጠርገው ደብዳቤውን ሲዘረጉ፣ ከዱካው በኩል «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጂራ ከልጅነቱ ጀምሮ የኮክ ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ውስጡን ይበላል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ የሦስቱም ጥርስ ቢለቀም አራት አይሞላም።

አምስተኛው ሳህን ባዶ ነበር። ለሁለት የተሰነጠቀው ፍሬ ገና እርጥብ ነው።

ኦቦ ረጋሳ ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ፣ ወርቅቱ ጭልፋዋን አነሳች።

«ልጨምርልህ?»

ሳህኑ ብቻውን ወደ እሷ ተንሸራተተ።