ግማሽ አጥር

ዳኛው ላሟን ለማስፈታት መያዣ አምጪ ሲሏት፣ ሲስሊ የሟች ባሏን ገጀራ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ እጇን ግን ከእጀታው አላነሳችም። ላሟ በአጥሩ ክፍተት ሾልካ የጎረቤቷን የጊልበርትን ገብስ ስለበላች በመንደሩ በረት ታግታ ነበር። ባሏ ያንን አጥር፣ በድንበሩ ላይ የበቀለውን ቁጥቋጦ ግንዱን በዚሁ ገጀራ ገመስ እያደረገ በጎኑ አስተኝቶ ሲያጥር፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ታመመና ቤት ገባ፤ አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

«ገጀራውን ከያዛችሁባት በምን ልታጥር ነው? በጥርሷ?» አለ ጊልበርት። ችሎቱ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «ይተዉት ጌታዬ። እሷን መክሰስ እኔንም ሰለቸኝ። ላሟን ትውሰድ፤ አጥሩን ዛሬውኑ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ዳኛው ተገላገልኩ ብለው ብዕራቸውን አነሱ።

«አይሆንም» አለች ሲስሊ። «እሱ የጀመረውን ሌላ ሰው አይጨርሰውም። እኔ አጥረዋለሁ።»

«እንግዲያው አጥረሽ እስክትጨርሺ ላምሽ አትፈታም» አሉ ዳኛው።

«ይሁን።»

ገጀራውን አነሳች። የባሏ መዳፍ እጀታው ላይ ያጎደጎደው ስፍራ ለእሷ እጅ ሰፊ ነበር። በሁለት እጇ ያዘችው።