ሽታ የሌለው ሻምፖ

ሽማግሌው ሚስታቸው ስትሞት ወደ ልጃቸው ቤት ሲገቡ ይዘውት የመጡት ውሻቸውን ነበር። ዳማ ይባላል። ሚስታቸው ናት ከመንገድ ዳር አንስታ በጡጦ ያሳደገችው። አሁን እሱም አርጅቷል። የኋላ እግሮቹ ደክመዋል፤ ሦስት ደረጃ እንኳ የሚወጣው ሽማግሌው ታቅፈውት ነው።

ልጃቸው ከሕፃንነቱ አባቱን «አንተ» እንዳለ አደገ፤ ራሱ ሲመለጥ እንኳ አልተወም። ምራታቸው ግን «አባባ» እና «እርስዎ» ከማለት ውልፍት ብላ አታውቅም። ጥሩ ምራት ናት። ሽማግሌው ያልወደዱላት ነገር ቢኖር መስኮት መክፈት ማብዛቷን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን ሲያስሩ ከኩሽና ድምፅ ሰሙ።

«ሽታውን አልቻልኩትም» ትላለች ምራታቸው። «መጋረጃው ውስጥ ገባ፣ ምንጣፉ ውስጥ ገባ። እህቴ እንኳ መምጣት አቆመች።»

«ምን ላድርግ? አርጅቷል እኮ። አውቆ አይደለም።»

«ይሄማ መች ጠፋኝ። ግን ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ የማጸዳው እኔ ነኝ። ደከመኝ።»

«ትንሽ ታገሺኝ» አለ ልጃቸው። «ያ ቦታ ወረፋ አለው። አንድ ሲወጣ ይደውሉልኛል።»

ሽማግሌው የጫማቸውን ማሰሪያ እንደያዙ ቀሩ። ዳማ እግራቸው ሥር ተጋድሞ ጭራውን ይወዘውዛል።

«ሰማህ?» አሉት በሹክሹክታ። «ሊያስወጡህ ነው።»

መሽተት አለመሽተቱን እሳቸው ራሳቸው ሊለዩ አይችሉም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቆዳ ፋብሪካ፣ ጥሬው ቆዳ በኖራ በሚዘፈዘፍበት ክፍል ነው። አፍንጫቸው ጡረታ የወጣው ከእሳቸው ቀድሞ ነበር።

በመጀመሪያ የምራታቸውን ሻምፖ ከመታጠቢያ ቤት ወስደው ዳማን አጠቡት። ውሻው ገላውን ሲያክ ዋለ። በማግስቱ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተው አገኟቸው።

ዳማን በገመድ ይዘው ወደ እንስሳት መድኃኒት መሸጫው ሄዱ። ሻጯ ወጣት ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳለች።

«በሰው ሻምፖ አጥበውት ነው አይደል? እሱ ለውሻ ቆዳ ይከብዳል፤ ያደርቀዋል» አለች የዳማን ጀርባ እየገለጠች። ሦስት ጠርሙስ ደረደረች። «ይሄ ለቁንጫ ነው፤ ቁንጫ የለበትም። ይሄ ሽቶ አለው፤ ያስነጥሰዋል። ይሄኛው ከአጃ የተሠራ ነው። ሽታ የለውም፣ ቆዳውን ያለሰልሳል።»

«እኔ የምፈልገው ሽታውን ድራሹን የሚያጠፋ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እስቲ የኔ ልጅ፣ አንዴ አሽቺልኝ። እኔ አፍንጫ የለኝም።»

ሻጯ ሳቀችና ጎንበስ ብላ የዳማን አንገት አሸተተች። ጆሮውን አሸተተች።

«ይሄ ውሻ እኮ ምንም...» ብላ ቀና አለች። ሽማግሌው ፊት ለፊቷ ቆመዋል። ዓይኗን ወደ መደርደሪያው መለሰች። «የአጃውን ይውሰዱ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት። በደንብ ይለቅለቅ፤ አረፋ እንዳይቀርበት።»

ልታስከፋኝ አልፈለገችም፣ ብለው አሰቡ ሽማግሌው። ደግ ልጅ ናት።

ቤት እንደገቡ ውሃውን በክርናቸው ለክተው፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፈው፣ ተንበርክከው አጠቡት። ወገባቸው ሊቆረጥ ደረሰ። «ቻለው የኔ ጌታ» ይሉታል፤ «ከዚህ ከወጣህ የት ትገባለህ? እኔስ ማንን ላናግር ነው?» ለቅልቀው፣ በፎጣ አሽተው፣ አበጥረው፣ እንደ ሙሽራ ሳሎን ይዘውት ወጡ።

«ውይ ዳማ! እንዴት አምሮብሃል!» አለች ምራታቸው። ጎንበስ ብላ ፊቷን ፀጉሩ ውስጥ ቀበረች። ሽማግሌው ደስታው ዓይናቸው ላይ ሞላ። ተረፍክ፣ አሉት በልባቸው።

ምራታቸው ልትቀመጥ ሶፋው ላይ እጇን አሳረፈች። ወዲያው አነሳችው። ትራሱ ረጥቧል።

«አንተ ባለጌ!» ሽማግሌው ውሻውን በጆሮው ያዙት። «ለዚህ ነው ወገቤ እስኪቆረጥ ያጠብኩህ?»

ዳማ አንዴ ጮኸ። ከዚህ በፊት ጮኾባቸው አያውቅም።

«ይተዉት አባባ» አለች ምራታቸው። እንባዋ መጥቷል። «እባክዎ እሱን አይምቱት።»

ትራሱን ይዛ ወጣች። ሽማግሌው ሲሰሟት መስኮት ትከፍታለች።

በሳምንቱ ልጃቸው መኝታ ክፍላቸው ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁን ያፍተለትላል።

«አባዬ... ከዚያ ቦታ ደወሉ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው። ሐኪም በየቀኑ ይመጣል። ነገ ጠዋት ነው።»

«ሰምቻችኋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የዚያን ቀን ኮሪደር ላይ ነበርኩ።»

የልጅየው ፊት አመድ መሰለ። «ሰምተህ ዝም አልክ? አልተቀየምከኝም?»

«ተቀይሜህ ነበር። አሁን ግን ምን ላድርግህ፤ እርጅና ነው። እርጅና ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም።»

ልጃቸው አንገታቸው ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። ለውሻ ይህን ያህል ማልቀሱ ገረማቸው። የእናቱ ልጅ ነው፣ ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ጠዋት ዳማን በቀረው ሻምፖ አጠቡት። አዲሶቹ ሰዎች ገና ሲያዩት እንዳይጸየፉት ብለው ነው። እስከዚያ ግቢ ልሸኘው፣ የሚተኛበትንም ልይለት ብለው ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለበሱ። ታቅፈውት ደረጃውን ወረዱና መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ፤ ጭናቸው ላይ አስተኙት። ምራታቸው በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። አሁን ታለቅሳለች፣ አሉና ፊታቸውን አዞሩባት።

ልጃቸው ሻንጣ ጭኖ የመኪናውን የኋላ ክዳን ዘጋ። ከዚያ ዞሮ መጣና በእሳቸው በኩል ያለውን በር ከፍቶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ዳማን ስጠኝ አባዬ» አለ፤ «እዚያ ውሻ አያስገቡም።»